የምጽዋ ፖስት ካርዶች በልደታ፤ ስለ ካርድ ስብስብ አነባበብ የቀረበ ሂስ

ፖስት ካርድ የሚሰበስብ ሰው በሊቃውንት ዘንድ ጨዋታ ወዳድ ተብሎ ይታለፋል እንጂ እንደ ሰነድ ጠባቂ አይቈጠርም። ሰብሳቢውም በበኩሉ የካርዱን ሥዕል እንጂ ጀርባውን ስለማይመለከት፣ ሳያውቅ የሊቃውንቱን ንቀት ያጸድቃል። ይህ ጽሑፍ ሁለቱንም ወገኖች ይነቅፋል፤ ማስረጃውም ልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን አጠገብ በአንድ አዛውንት ቤት የሚገኝ አንድ አልበም ነው።

አልበሙ በልደታ መገኘቱ ያለ ምክንያት አይደለም። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ እስኪሠራ ድረስ የአዲስ አበባ የአየር በር ልደታ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድም በ1938 ዓ.ም. መደበኛ በረራ ሲጀምር መንገዱ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ነበር። አዛውንቱ በወጣትነታቸው በዚሁ ማረፊያ በጭነት ክፍል ያገለገሉ ሲሆኑ፣ ከሰሜን የሚመለሱ ባልደረቦቻቸው ካርድ ያመጡላቸው፣ በዚያ የሚኖሩ ወዳጆቻቸውም ይልኩላቸው ነበር። ካርዶቹንም በሁለት ከፈሏቸው። «የሀገራችን ታሪካዊ ሥፍራዎችና ወደቦች» በሚለው ክፍል አክሱም፣ የጎንደር ግንብ፣ አሥመራና ምጽዋ ይገኛሉ፤ «የውጭ ሀገር» በሚለው ደግሞ ጅቡቲ፣ ኤደንና እስክንድርያ ተቀምጠዋል።

ኤርትራ በግንቦት 1985 ዓ.ም. ነጻ መንግሥት ከሆነች በኋላ ግን አከፋፈሉ ጥያቄ ተነሣበት። የልጅ ልጃቸው ከምጽዋ ካርዶች ራስጌ በእርሳስ «የውጭ ሀገር» ብሎ ጽፎ ወደ ሁለተኛው ክፍል እንዲዛወሩ ጠየቀ። አዛውንቱም «ካርዱ ሲደርሰኝ ፓስፖርት የጠየቀኝ አልነበረም» ብለው እንቢ አሉ። ከሁለቱ ማንኛቸው ትክክል እንደ ሆነ ለመፍረድ ከመቸኰል በፊት ካርዱን ራሱን መጠየቅ ይገባል።

የካርዱ ፊት የሚያሳየው ሻጩ ሊያሳይ የፈቀደውን ብቻ ነው። ኢጣልያኖች በጥር 1877 ዓ.ም. ምጽዋን ከያዙ ወዲህ በታተሙት ካርዶች ላይ ደጋግመው የሚታዩት ወደቡ፣ መርከቡ፣ የአገረ ገዢው ቤተ መንግሥትና ደሴቶቹን ከየብስ ጋር የሚያገናኘው የድንጋይ ድልድል ናቸው። ከዛጎል ድንጋይ የተሠሩት የቱርክ ዘመን ቤቶች እንደ ጌጥ ይነሣሉ፤ በውስጣቸው የሚኖረው ሰው ግን አይታይም። ሰው ብቻውን ሲነሣም በስሙ ሳይሆን በ«ዓይነቱ» ይጠራል፤ አንዲት ሴት የእገሌ ልጅ መሆኗ ቀርቶ የአንድ ነገድ ምሳሌ ትሆናለች። ከእነዚህም ሥዕሎች ብዙዎቹ ለወታደር ዓይን መደሰቻ ተብለው የተነሡ ናቸው። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ካርድ የሕዝቡን አኗኗር ለማስረዳት በመጽሐፍ ውስጥ አግብቶ ያለ ትችት የሚያልፍ ሊቅ፣ የሻጩን ቃል እንደ ምስክር ቃል ተቀብሏል ማለት ነው።

ጀርባው ግን ሌላ ነገር ይናገራል። የወደቡ ገጽታ እምብዛም ሳይለወጥ ቴምብሩ አራት መንግሥታትን ያሳልፋል። ከ1885 ዓ.ም. ጀምሮ «ኮሎኒያ ኤሪትሬያ» የሚል ጽሑፍ የታተመበት የኢጣልያ ቴምብር ይታያል። እንግሊዞች ወደቡን በ1933 ዓ.ም. ከያዙ በኋላ የእንግሊዝ ንጉሥ መልክ ያለበት ቴምብር ይመጣል። ኤርትራ በመስከረም 1945 ዓ.ም. በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር ከተዋሐደች በኋላ የኢትዮጵያ ቴምብር ይተካል፤ በመጨረሻም የነጻይቱ ኤርትራ ቴምብር ይከተላል። የላኪውም ጽሑፍ ሥዕሉ የማያውቀውን ይጨምራል። በአልበሙ ካለው በአንደኛው ካርድ ላኪው ሙቀቱ እንቅልፍ እንደ ነሣው ካመለከተ በኋላ፣ የዓሣውን ርካሽነት አመስግኖ በርበሬ እንዲላክለት ይለምናል። የደጋ ሰው በባሕር ዳርቻ እንዴት እንደ ኖረ ለሚመረምር፣ ይህች የበርበሬ ልመና ከፊቱ ሥዕል ትበልጣለች።

ሆኖም ጀርባውም ቢሆን ካልተጠነቀቁለት ያሳስታል። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ በ1917 ዓ.ም. የተላከ ካርድ ለተማሪዎቼ አሳይቼ «የዚያን ዓመት ምጽዋ ይህን ትመስል ነበር» ብዬ አስተምሬአለሁ። አንዲት ተማሪ ግን በሥዕሉ ላይ የሚታዩት ቤቶች በ1913 ዓ.ም. ከተማይቱን ባፈረሰው የምድር መናወጥ ሳይጐዱ መታየታቸውን አመለከተች። አታሚው አሮጌውን ሥዕል ከጥፋቱ በኋላ እየሸጠ ኖሯል። ስለዚህ የፖስታ ቤቱ ማኅተም የሚያስረዳው ሥዕሉ ከዚያ ቀን በፊት መነሣቱን ብቻ ነው። ሥዕሉ የተነሣበት፣ ካርዱ የታተመበትና የተላከበት ዘመን ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸውና እያንዳንዱ ለብቻው ሊመዘገብ ይገባል።

ይህንን ምርመራ የሚያጠፋው ደግሞ የሰብሳቢዎቹ የራሳቸው ልማድ ነው። ቴምብር የሚወድ ሰው ካርዱን ውኃ ውስጥ ነክሮ ቴምብሩን ይልጣል፤ ሥዕል የሚወደው ደግሞ ጀርባውን በሙጫ ከወረቀት ጋር ያጣብቃል። አንደኛው ማኅተሙን ይቈርሳል፤ ሁለተኛው የላኪውን ቃል ይቀብራል። በልደታ እንደ ታየው የቆዩ ሰፈሮች ፈርሰው ነዋሪው ወደ ሌላ ሥፍራ ሲዛወርም አልበሙ ይበተንና ካርዱ በየተናጠል ይሸጣል። ያን ጊዜ የሚጠፋው የካርዱ ጠርዝ ሳይሆን ማን ለማን እንደ ላከው፣ ማንስ ከምን አጠገብ እንዳኖረው ነው።

«የቅኝ ገዢ ሐሰት ለምን ይጠበቃል?» የሚል ተከራካሪ ይኖር ይሆናል። ሐሰትም ቢሆን የማን እንደ ሆነ ከታወቀ ሰነድ ነው፤ የሚያስፈራው ባለቤቱ የተረሳ ሐሰት ነው። ምጽዋ በየካቲት 1982 ዓ.ም. በተደረገው ጦርነትና ከዚያ በኋላ በወረደው የአውሮፕላን ድብደባ ክፉኛ ተጐድታለች፤ ቤተ መንግሥቱም ከተመቱት አንዱ ነው። ጉዳቱን ለመመዘን የሚፈልግ ሰው፣ የኤርትራም ሆነ የኢትዮጵያ ተወላጅ ቢሆን፣ ከሚዛኑ አንዱ ጐን ይኸው የተናቀ ካርድ መሆኑን ያገኘዋል።

እንግዲህ ስለ አልበሙ የምንሰጠው ፍርድ ይህ ነው። ካርዶቹ ከሥፍራቸው አይነሡ፤ የእርሳሱም ጽሑፍ አይፋቅ። ከእያንዳንዱ ካርድ ጐን በካርዱ ላይ የታተመው ስም፣ የከተማይቱ ሰዎች የሚጠሩበት «ባጽዕ» የሚለው ስም፣ በተላከበት ቀን ቴምብሩ የማን መንግሥት እንደ ነበረ ይጻፍ። አዛውንቱ ምጽዋን ከአክሱም ጋር ማስቀመጣቸው ስለ ምጽዋ ያለው ማስረጃነት ጥቂት ነው። በልደታ የኖረ አንድ የኢትዮጵያ ትውልድ ባሕርን እንዴት እንዳሰበው፣ የሚቀጥለውም ትውልድ ያንን አሳብ በእርሳስ ሊያርመው እንደ ፈለገ የሚመሰክረው ግን ብዙ ነው። የሰዎችን ልማድ የሚያጠና ማኅበር ሊጠብቀው የሚገባው ይህንን ነው።