ኧረ ‹‹ብሬይድ››ን ተጫወቱ!

ይህ ጌም እያለ ሰው ስለ ሌላ ነገር እንዴት ያወራል? አሜሪካዊው ጆናታን ብሎው እ.ኤ.አ. በ2008 ለኤክስቦክስ ሲያወጣው ላላየ ሰው፣ በ2024 ሥዕሉ ታድሶ፣ የሠሪዎቹ ማብራሪያም ታክሎበት ዳግም ወጥቷል። ሰበብ የለም!

ሲያዩት የማሪዮ ዘመድ ነው። ቲም የሚባል፣ ሱፍና ክራቫት ያደረገ አጭር ሰውዬ እየሮጠ፣ ጭራቅ እየረገጠ ልዕልት ይፈልጋል። ገደል ገብታችሁ ትሞታላችሁ። አንድ በተን ስትጫኑ ግን ቲም ከገደሉ ተመልሶ ይወጣል፣ ሙዚቃው ሳይቀር ወደ ኋላ ይጫወታል! የፈለጋችሁትን ያህል መልሱ፤ ነጥብ አይቀነስ፣ ነፍስ አይቆጠር።

ታዲያ ምኑ ይከብዳል? ተንኮሉ እዚህ ነው። ጌሙ በዓለማት የተከፋፈለ ነው፤ እያንዳንዱ ዓለም የራሱ የጊዜ ሕግ አለው። በአንዱ፣ አረንጓዴ የሚያብረቀርቅ ነገር ጊዜው ሲመለስ አብሮ አይመለስም። ስለዚህ መውጫ የሌለው ጉድጓድ ውስጥ ዝለሉ፣ ቁልፉን አንሱ፣ ጊዜውን መልሱ፤ እናንተ ከላይ፣ ቁልፉ በእጃችሁ! ይህን ስደርስበት ብቻዬን ጮኬያለሁ። በሌላው ዓለም ወደ ቀኝ ስትራመዱ ጊዜ ወደ ፊት፣ ወደ ግራ ስትራመዱ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ስትቆሙ ይቆማል። የገደላችሁት ጭራቅ ወደ ግራ ስትመለሱ ይነሣል። ደግሞ ሌላው፦ ጊዜውን ስትመልሱ ቅድም የሠራችሁትን የሚደግም ጥላ ይወጣል፣ ከራሳችሁ ጋር ተጋግዛችሁ ትሠራላችሁ።

መፍትሔውን የሚነግራችሁ የለም። የምትሰበስቧቸው 60 የሥዕል ቁራጮች አሉ፤ አንዱ እንቢ ካላችሁ ትታችሁ እለፉ፣ ሌሊት አልጋ ላይ ይገለጥላችኋል። (በየዓለሙ መግቢያ ያሉት ጽሑፎች ትንሽ ይራቀቃሉ። እኔ ይቅር ብያቸዋለሁ።)

የዴቪድ ሄልማን ሥዕል ደግሞ! ደመናው ቀለሙ ገና ያልደረቀ ይመስላል። ቼሎው ሲጀምር መጫወቱን ትቼ ዝም ብዬ ያየሁበት ጊዜ ብዙ ነው።

ዓለማቱ የሚጀምሩት ከ2 ነው። 1ኛው መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው፤ እዚያ ጊዜ በራሱ ወደ ኋላ ይሮጣል። ልዕልቲቱ ከማን እንደምትሸሽ ያወቃችሁ ዕለት፣ እኩለ ሌሊትም ቢሆን ደውሉልኝ።