ሦስት እኩል ሴሎች

ሦስት ሴል ያለው፣ 2200 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚይዝ የሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪ መዳፍ ውስጥ ይገባል። ክብደቱ 200 ግራም ገደማ ነው። በሪሞት የሚበሩ ሞዴል አውሮፕላኖችን የሚሠሩ ሰዎች በጣም የለመዱት መጠን ይኸው ነው፤ አንድ ኪሎ የሚያህል አውሮፕላን ከመሬት አንሥቶ፣ እንደ አበራረሩ፣ አሥር ደቂቃ ያህል አየር ላይ ያቆየዋል። አብራሪው ሞተሩን እስከ መጨረሻው ሲለቀው ከዚህች ጥቅል 30፣ አንዳንዴም 40 አምፔር ይወጣል። ይህን ጉልበት በዚህች መጠን ውስጥ አስታግሶ የያዘ ሥራ ቀረብ ተብሎ ሊታይ ይገባዋል። እኔ በተለይ የምወደው ልባሱ የሸፈነውን ክፍሉን ነው።

ሞዴል አውሮፕላን በኤሌክትሪክ ማብረር የቆየ ምኞት ነው። ኮሎኔል ታፕሊን የተባሉ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1957 «ሬዲዮ ክዊን» የተሰኘውን አውሮፕላናቸውን በብርና ዚንክ ባትሪ አብርረዋል። ከዚያ ወዲህ የኒኬል ካድሚየም፣ ቀጥሎም የኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ባትሪዎች መጡ፤ ሁሉም ለሰጡት ጉልበት ክብደታቸው የበዛ ነበር። አውሮፕላኑን ከዚህ ሸክም የገላገለው ሊቲየም ነው።

ከውጭ እንጀምር፤ ከገመዱ። ጥሩ ባትሪ ላይ ያለው ቀይና ጥቁር ገመድ ጣት ላይ ሲጠመጥሙት አይገትርም፣ ሲለቁትም ተስፈንጥሮ አይመለስም። ልባሱ ሲሊኮን ነው። ቁጥር 12 በሚባለው የዚህ ዓይነት ገመድ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ 680 የመዳብ ክሮች አሉ፤ የእያንዳንዱ ክር ውፍረት 0.08 ሚሊሜትር ነው። ያንኑ አምፔር በጥቂት ወፋፍራም ክሮች ማስተላለፍ ይቻላል፤ ርካሽም ይሆናል። ግን ደረቅ ገመድ የሞተሩን ንዝረትና የእጅን ጉተታ ሁሉ ወደ ውስጥ፣ ሴሉ ላይ ወደተበየደው ስስ ምላስ ያስተላልፋል። ለስላሳው ገመድ ያን ሁሉ እዚያው ውጦ ያስቀረዋል። ሲሊኮኑም እስከ 200 ዲግሪ ሙቀት ስለሚችል በብየዳ ጊዜ ቀልጦ አይሸሽም። ገዢው ልስላሴውን በእጁ ይሰማዋል እንጂ ምክንያቱን ላያውቅ ይችላል፤ ሠሪው ግን አውቆ ከፍሎበታል።

ከገመዱ ጫፍ ያለው ቢጫ ማያያዣ ኤክስቲ60 ይባላል። አንዱ ጎኑ ቀጥ ያለ ነው፤ የሌላኛው ጎኑ ማዕዘኖች ተቆርጠዋል። በዚህ ምክንያት ፖዘቲቭና ኔጌቲቩን ገልብጦ ለመሰካት የሚሞክር እጅ ፕላስቲኩ ራሱ ይከለክለዋል። ባትሪው ላይ የሚገጠመው ሴቴው ነው፤ ወርቅ የተቀቡት የብረት ቀለበቶች ፕላስቲኩ ውስጥ ገባ ብለው ተደብቀዋል። የአውሮፕላኑ ወገን ወንዴ ነው፤ ሳይሰካ ኤሌክትሪክ ስለሌለበት ብረቱ ቢጋለጥም ጉዳት የለውም። ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ ያለበት ወገን መሸፈን አለበት የሚለው ጥንቃቄ ከቅርጹ ጋር አብሮ ተቀርጿል ማለት ነው። ብየዳውንም ይመልከቱ። ጥሩ ብየዳ ገመዱ ውስጥ ሠርጎ፣ ጠርዙ ተዳፍኖ፣ ገጹ ለስልሶ ይታያል፤ ከላይ ጉብ ብሎ የተቀመጠ ሊድ ግን ሙቀቱ ሳይበቃ የተቸኮለበት ነው።

አሁን ልባሱን ሳንቀድ ውስጡን በሐሳብ እንግለጠው። ሦስት ጠፍጣፋ ብርማ ከረጢቶች ተደራርበዋል። ከረጢቱ በፕላስቲክ ሽፋኖች መካከል የተጣበቀ ስስ አሉሚኒየም ነው፤ ጠርዙ በሙቀት ተጭኖ ታሽጓል። በውስጡ ግራፋይት የተቀባ የመዳብ ፎይል አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሊቲየም ኮባልት ኦክሳይድ የተቀባ የአሉሚኒየም ፎይልም አለ። በሁለቱ መካከል ከሰው ጠጉር የቀጠነ፣ ዓይን በማያያቸው ቀዳዳዎች የተሞላ ፕላስቲክ ይገባል፤ የሊቲየም አዮኖችን ያሳልፋል፣ ፎይሎቹ እንዳይነካኩ ግን ይከለክላል። ከዚያ እንደገና መዳብ፣ እንደገና ፕላስቲክ፣ እንደገና አሉሚኒየም።

በዚህ ድርድር ውስጥ አንድ ነገር ያስደንቀኛል። ግራፋይት የተቀባው ገጽ ከፊት ለፊቱ ካለው ይልቅ በየጎኑ በጥቂቱ ሰፋ ተደርጎ ይቆረጣል። ቻርጅ ሲደረግ ከወዲያኛው ወገን የሚመጣው ሊቲየም ጠርዝ ላይ ሲደርስ ማረፊያ ካጣ ብረት ሆኖ ይጋገራል፤ የተጋገረው ብረት ደግሞ ያን ስስ ፕላስቲክ ሊበሳው ይችላል። ያች ትርፍ ጠርዝ ኃይል አትጨምርም፤ ጥቂት ክብደት ትጨምራለች እንጂ። የተተወችው ለደኅንነት ሲባል ብቻ ነው። ባትሪውን የሚገዛው ሰው ዕድሜ ልኩን አያያትም።

የዚህ ሁሉ መሠረት የሦስት ሰዎች ሥራ ነው። ስታንሊ ዊቲንግሃም መንገዱን ጀመሩ፤ ጆን ጉድኢናፍ እ.ኤ.አ. በ1980 ኦክስፎርድ ሳሉ ኮባልት ኦክሳይዱን አመጡ፤ ጃፓናዊው አኪራ ዮሺኖ ለሥራ የሚበቃ ባትሪ አደረጉት። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1991 ገበያ ላይ አዋለው። ሦስቱም እ.ኤ.አ. በ2019 የኬሚስትሪ ኖቤልን ሲቀበሉ ጉድኢናፍ የ97 ዓመት አዛውንት ነበሩ።

ወደ ጥቅሉ እንመለስ። አንድ ሴል በመደበኛ መለኪያው 3.7 ቮልት ነው፤ ሲሞላ 4.2 ይደርሳል። ሦስቱ ተከታትለው ሲያያዙ 11.1 ቮልት፣ ሲሞሉ 12.6 ይሆናሉ። «3ኤስ» የሚለው ጽሑፍ ይህንኑ ይናገራል። በተከታታይ ግንኙነት ውስጥ የሚያልፈው አምፔር ለሦስቱም አንድ ስለሆነ ሦስቱ እኩል መሆን አለባቸው። ጥማድ በሬ ያረሰ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ አንዱ ብርቱ ሌላው ደካማ ከሆነ ቀንበሩ ይዛባል፣ እርሻው በደካማው ርምጃ ይሄዳል፣ ቀድሞ የሚወድቀውም እሱ ነው። ስለዚህ ጠንቃቃ አምራች ሴሎቹን ከመጠቅለሉ በፊት የእያንዳንዱን የመያዝ አቅም፣ ቮልትና የውስጥ ተቃውሞ ለክቶ አቻ ለአቻ ያጣምራቸዋል። በጥሩ ባትሪና በመናኛው መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ብዙው እዚህ ላይ ያርፋል ብዬ አምናለሁ። ኬሚካሉ አንድ ሊሆን ይችላል፤ ድካሙ ግን አንድ አይደለም።

የቻርጅ ነገር ከዚህ ይነሣል። ሁለት ጫፍ ብቻ ያለው ቻርጀር ድምሩን እንጂ ሌላ አያይም። ድምሩ 12.6 ቮልት ሲሆን ሥራዬን ጨረስኩ ይላል። ግን አንዱ ሴል 4.30፣ ሌላው 4.20፣ ሦስተኛው 4.10 ቢሆኑ ድምሩ ያው 12.6 ነው፤ የመጀመሪያው ሴል ከገደቡ አልፎ አደጋ ውስጥ ገብቷል። ከባትሪው ጎን የሚወጣው ባለ አራት ሽቦ ነጭ ሶኬት ለዚህ ነው የተሠራው። ጄኤስቲ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ያወጣው ይህ ሶኬት ከእያንዳንዱ ሴል ዳርና ዳር ላይ አንድ ቀጭን ሽቦ ያደርሳል፤ አጎራባቾቹ መካከለኞቹን ሽቦዎች ስለሚጋሩ ለሦስት ሴል አራት ይበቃል። ሚዛን የሚጠብቀው ቻርጀር በእነዚህ ሽቦዎች ሦስቱን ለየብቻ ያነባል፤ ቀድሞ ከሄደው ላይ ጥቂት ጥቂት እያፈሰሰ ወደ ኋላ የቀረውን ይጠብቃል። ገዝተው ይህን ሶኬት ሳይሰኩ ቻርጅ ማድረግ አምራቹ እኩል ያደረገውን በገዛ እጅ ማዛባት ነው።

የቻርጀሩ አሠራር ራሱ ማየትን ይጠይቃል። መጀመሪያ አምፔሩን ሳይለዋውጥ ይሰጣል፤ ቮልቱ ቀስ እያለ ይወጣል። ሴሎቹ 4.2 ሲደርሱ ቮልቱን እዚያው ይዞ አምፔሩን እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ከጀመረበት አንድ አሥረኛ ገደማ ሲደርስ ይቆማል። በዓለም ዙሪያ በየወርክሾፑ የሚገኘው ባለ አራት ቁልፍ አይማክስ ቢ6 ከመጀመሩ በፊት ሁለት ቁጥር ጎን ለጎን ያሳያል፤ አንዱ እሱ ቆጥሮ ያገኘው የሴል ብዛት፣ ሌላው እርስዎ ያዘዙት። እስኪያረጋግጡ ድረስ አይጀምርም። ሁለቱ ካልተስማሙ ያቁሙ። የባትሪውንም ዓይነት በትክክል ይምረጡ፤ ሊቲየም ብረት ፎስፌት ለሆነ ባትሪ የሊፖን መቼት ማዘዝ እስከ 3.6 መሞላት ያለበትን ሴል ወደ 4.2 መግፋት ነው።

አምፔሩ ስሌት ነው፤ 2200 ሚሊአምፔር ሰዓት ለሚይዝ ባትሪ 2.2 አምፔር። አምራቹ ከዚያ በላይ ይችላል ብሎ ቢጽፍም ካልቸኮሉ አይጨምሩ።

ስለ ምርጫ ስንነጋገር ልባሱ ላይ በትልቁ የሚጻፈው የ«ሲ» ቁጥር አለ። 25ሲ ማለት የአቅሙን 25 እጥፍ ሳያቋርጥ ይሰጣል ማለት ነው፤ 2.2 በ25 ሲባዛ 55 አምፔር ይመጣል። ሞተሩ 40 ለሚፈልግ ሰው ይህ እፎይ ያለ ምርጫ ነበር፣ ቁጥሩ እውነት ቢሆን። ብዙ አምራቾች ግን ይህን ቁጥር ያጋንኑታል። ሚዛን ግን አይዋሽም። ብዙ አምፔር ለመስጠት ወፈር ያለ ፎይልና ሰፋ ያለ ምላስ ያስፈልጋል፤ እነሱም ይመዝናሉ። ተመሳሳይ አቅም አለን ከሚሉ ሁለት ባትሪዎች መካከል ቀላሉ ከከባዱ የሚበልጥ «ሲ» ከጻፈ እኔ ከባዱን እወስዳለሁ። ከገዙ በኋላ ይህን መለካት በሚችል ቻርጀር የእያንዳንዱን ሴል የውስጥ ተቃውሞ ይለኩ፤ ለዚህ መጠን ጥቂት ሚሊኦም ነው። ሦስቱ ተቀራራቢ ከሆኑ አምራቹ ሥራውን ሠርቷል፤ አንዱ የሌሎቹን እጥፍ ካሳየ ወደ ሻጩ ይመልሱት።

እሳቱን ሳላነሣ አላልፍም። በሴሉ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ተቀጣጣይ ነው። ያ ስስ ፕላስቲክ ከተበሳ ወይም ሴሉ ከመጠን በላይ ከተሞላ ሙቀቱ ሌላ ሙቀት እየወለደ ይሄዳል፤ በአንዱ ሴል የጀመረው ወደ ጎረቤቱ ይሻገራል። ስለዚህ ቻርጅ የሚደረገው በሲሚንቶ ወይም በሴራሚክ ላይ፣ ከመጋረጃና ከምንጣፍ ርቆ፣ ሰው ነቅቶ አጠገቡ እያለ ነው። ሌሊት ሰክቶ መተኛት የለም። ከበረራ የመጣ ትኩስ ባትሪ መጀመሪያ ይቀዝቅዝ፤ ከዜሮ ዲግሪ በታች የቀዘቀዘ ደግሞ ይሙቅ፣ በብርድ ውስጥ ቻርጅ ሲደረግ ሊቲየሙ ወደ ግራፋይቱ መግባት አቅቶት ላዩ ላይ ይጋገራልና። ያበጠ ከረጢት ውስጡ ጋዝ ሆኗል፤ አንድም ጊዜ ቻርጅ አይደረግም። አውሮፕላኑ ከተከሰከሰ ባትሪውን አውጥተው ውጭ ያስቀምጡትና ጊዜ ሰጥተው ይመልከቱት።

በረራ ላይም 2200 ካለው 1760 ያህል ተጠቅሞ መውረድ ልማድ ይሁን። ለሳምንታት የማይበሩ ከሆነ በሴል 3.8 ቮልት አካባቢ አድርገው ያስቀምጡት፤ ሙሉ ሆኖ የሚከርም ሊፖ ሳይሠራ ያረጃል።

ከአሜሪካም ሆነ ከዱባይ ባትሪ ለወዳጁ ይዞ የሚመጣ መንገደኛ ትርፍ ባትሪ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫን ሻንጣ እንደማይሄድ ይወቅ። ገደቡ አብዛኛውን ጊዜ 100 ዋት ሰዓት ነው፤ የእኛ ባትሪ 24 ገደማ ስለሆነ አያስቸግርም። የማያያዣዎቹ አፍ በፕላስተር ይሸፈን።

ባትሪው ሲያረጅ የውስጥ ተቃውሞው ይወጣል፤ አውሮፕላኑ ሲነሣ ይሰንፋል፣ ቮልቱም ቶሎ ይወድቃል። ያን ጊዜ በቻርጀሩ ቀስ ብለው አውጥተው ባዶ ያድርጉትና ለአሮጌ ባትሪ ሰብሳቢ ይስጡት። ያ ለስላሳ ገመድና ቢጫው ማያያዣ ግን ገና ብዙ ይሠራሉ፤ ለሌላ ባትሪ ይጠቅማሉ። ሲቆርጧቸው መጀመሪያ ቀዩን ብቻ ይቁረጡ፣ ጫፉን በፕላስተር ይጠቅልሉ፣ ከዚያ ጥቁሩን። መቀሱ ብረት ነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ ከነከሰ ያገናኛቸዋል።