ታላቁ ወንድም የት ቆሟል?

ጌታ ኢየሱስ የጠፋውን ልጅ ምሳሌ ሲናገር ታሪኩን ሳይቋጨው ነው ያቆመው። ታናሹ ልጅ ተመልሷል፤ ፍሪዳው ታርዷል፤ የደስታው ድምፅ እስከ ደጅ ይሰማል። ታላቁ ልጅ ግን ተቆጥቶ ውጭ ቆሟል፤ አባቱም ወጥቶ እየለመነው ነው። በመጨረሻ ይግባ ወይም እዚያው ይቅር ሉቃስ አልነገረንም። በስብከቶቻችን ግን ብዙ ጊዜ ታሪኩ የሚያልቀው አባት ልጁን ባቀፈበት ቦታ ነው። ለንስሓ ጥሪ የሚመቸው እርሱ ስለሆነ፣ ከቁጥር 25 እስከ 32 ያለውን ለሌላ ቀን እናቆየዋለን። ያ ሌላ ቀን ደግሞ ቶሎ አይመጣም።

ይህን የምንዘለውን ክፍል መልሶ ዓይናችን ፊት የሚያቆም አንድ ሥዕል አለ። የኔዘርላንድሱ ሠዓሊ ሬምብራንት በሕይወቱ የመጨረሻ ዓመታት፣ እ.ኤ.አ. በ1668 ገደማ የሣለው «የጠፋው ልጅ መመለስ» ነው። ቁመቱ 262፣ ወርዱ 205 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ በላዩ የተሣሉት ሰዎች እኛን ያክላሉ። የሩሲያ ንግሥት ታላቋ ካትሪን በ1766 ገዝታዋለች፤ ዛሬ የሚገኘው በሴንት ፒተርስበርግ ከተማ በሄርሚቴጅ ሙዚየም ነው። ስልክ ያለው ሰው ሁሉ ግን ፈልጎ ሊያየው ይችላል። ይህን ጽሑፍ ስታነቡ ከጎናችሁ ብታደርጉት መልካም ነው።

እኛ ወንጌላውያን የሥዕል ነገር ሲነሣ እንጠነቀቃለን። በአዳራሾቻችን ግድግዳ ላይ የምንሰቅለው ብዙውን ጊዜ ጥቅስ ነው። ሬምብራንት የኖረባት አምስተርዳምም በዚህ ትመስለናለች። ተሐድሶው ከገባ በኋላ የከተማዋ ቤተ ክርስቲያኖች ግድግዳቸው ባዶ ነበር፤ ሥዕል አይሰቀልባቸውም። የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ የሚሣልባቸው ሸራዎች በሰዎች መኖሪያ ቤት ይሰቀሉ ነበር፤ ሰው የሚያያቸው ሊሰግድላቸው ሳይሆን ታሪኩን ሊያሰላስልባቸው ነው። እኛም ይህን ሥዕል አንድን ስብከት እንደምንመዝን እንመዝነው። ለቃሉ ታምኗል? የጨመረው ምንድን ነው? የተወውስ?

በስተግራ፣ ብርሃኑ ጎልቶ በሚያርፍበት ቦታ፣ ቀይ ካባ የደረበ አረጋዊ አባት ጎንበስ ብሏል። ልጁ ጀርባውን ለእኛ ሰጥቶ ተንበርክኳል። ራሱ ተላጭቷል፤ ልብሱ ነትቧል፤ አንዱ ጫማው ወልቆ ባዶ የውስጥ እግሩ ይታያል። ከነበረው ክብር የቀረው ወገቡ ላይ ያለው አጭር ጎራዴ ብቻ ነው። ፊቱን አባቱ ደረት ውስጥ ስለቀበረ አለቀሰ ወይም አላለቀሰ አናይም። የምናየው የአባትየውን እጆች ነው፤ ሁለቱም ተዘርግተው በልጁ ጀርባ ላይ አርፈዋል።

አሁን ደግሞ የሌለውን ፈልጉ። ልብሱ የለም፤ ቀለበቱ የለም፤ አዲሱ ጫማ የለም፤ ፍሪዳውም የለም። ሬምብራንት ይህንኑ ታሪክ በ1636 በመዳብ ሰሌዳ ላይ ቀርጾ ባተመው ጊዜ አገልጋዮች ልብስና ጫማ ይዘው ከቤት ሲወጡ አሳይቶ ነበር። ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ሲመለስበት ያን ሁሉ ትቶታል። ይህም ለቃሉ መታመን ነው። በሉቃስ 15 ላይ ማቀፉ ያለው በቁጥር 20 ሲሆን ልብሱ የሚመጣው በቁጥር 22 ነው። ልጁ የታቀፈው ገና የእሪያው ሽታ ሳይለቀው፣ ያንኑ ቡትቶ እንደለበሰ ነው። ልብሱን ቀይሮ፣ ታጥቦ፣ ተስተካክሎ ከዚያ በኋላ መምጣት የሚፈልግ ወጣት በመካከላችን ካለ ይህን ሸራ ይመልከት።

ሥዕሉ የጎደለው ግን ደግሞ አለ። በወንጌሉ አባትየው ይሮጣል፤ በሥዕሉ ላይ ግን በቆመበት ጸንቷል። የመሮጡ ነገር ቀላል አይደለም። በእኛ አገር በዳዩ ሽማግሌ ይልካል፤ ተበዳዩ ቤቱ ተቀምጦ ይጠብቃል። አንድ የተከበረ አባወራ፣ ያውም ልጁ በቁሙ ርስቱን ያካፈለው፣ ልብሱን ሰብስቦ በሰፈር ፊት ሲሮጥ ብናይ እናፍርለታለን። የምሳሌው አባት ይህን ኀፍረት ወስዷል። ሠዓሊው ርኅራኄውን በእጆቹ ላይ አሳይቶናል፤ ያን ኀፍረት ግን ከዚህ ሥዕል አንማርም፤ ወደ ቃሉ መመለስ አለብን።

ዓይናችንን ወደ ቀኝ ስናዞር ደግሞ ረጅም፣ ጺማም ሰው ቆሞ እናያለን። ሬምብራንት ስሙን አልጻፈበትም፤ አብዛኞቹ ተመልካቾች ግን ታላቁ ወንድም ነው ይላሉ፤ እኔም እስማማለሁ። በጽሑፉ መሠረት ልጁ ሲታቀፍ ታላቁ ወንድም እርሻ ላይ ነበር፤ ነገሩን የሰማው ዘግይቶ፣ ያውም ከአገልጋይ ነው። ሠዓሊው ሁለቱን ጊዜያት በአንድ ሸራ ላይ አገናኝቷቸዋል። ይህን ስሕተት የሚል ይኖራል። እኔ ግን ሆን ብሎ ያደረገው ይመስለኛል። በእርሻ ላይ ያለ ወንድም «አላየሁም» ሊል ይችላል። ይህኛው ግን ቆሞ እያየ ነው።

ልብሱን ተመልከቱ። እንደ አባቱ ቀይ ካባ ደርቧል፤ ብርሃኑ በእርሱም ፊት ላይ አርፏል። አለባበሳቸውን አይቶ «የማን ልጅ ነው?» ለሚል ሰው የዚህ ቤት ልጅ የሚመስለው እርሱ ነው፤ ቡትቶ የለበሰው አይደለም። የሚለያዩት በእጅ ነው። የአባት እጆች ተዘርግተዋል፤ የእርሱ እጆች በትሩ ላይ ተደራርበው ተቋጥረዋል። በመካከላቸው ጥቂት እርምጃ የሚያህል ጨለማ ወለል አለ። ሸራው ሌላውን ቦታ በሰዎች ሞልቶ ያን ወለል ባዶ ትቶታል።

ታላቁን ወንድም ለመውቀስ አንቸኩል። ቁጥር 12 ላይ አባትየው ገንዘቡን ለሁለቱም አካፍሏል። ታናሹ ድርሻውን ይዞ ሄዶ ጨርሶታል። ስለዚህ በቤቱ የቀረው ሁሉ በመጨረሻ የታላቁ ነው፤ አባቱም ቁጥር 31 ላይ ይህንኑ ይነግረዋል። እንግዲህ የታረደው ፍሪዳ ከማን በረት ወጣ? ቅሬታው ከባዶ የመጣ አይደለም። የታናሹ ይቅርታ ለታላቁም ዋጋ አለው። ቤት የቆየው ልጅ ያላጠፋውን ጥፋት ወጪ ይካፈላል።

ይህ የእኛ ጉዳይ ነው። ብዙዎቻችን ከሰንበት ትምህርት ጀምረን ቤት ውስጥ ያደግን ነን። ከኅብረት ጠፍቶ የነበረ ወንድም አንድ እሑድ ተመልሶ ኋላ ወንበር ላይ ሲቀመጥ፣ ወይም ከመዘምራን ስትሄድ ሌሎችን አስቀይማ የነበረች እኅት ስትመለስ፣ ጌታ እንደተቀበላቸው በአፋችን እንመሰክራለን። ጉባኤው ሲያጨበጭብ እናጨበጭባለን። ከፕሮግራሙ በኋላ ግን ማን አብሯቸው ይወጣል? ማን ይደውልላቸዋል? ሸክማቸውን ተሸክመን የቆየን እኛ ነበርን፤ ድካሙንም አንረሳውም። ይቅርታ ጥፋቱ ጥፋት እንዳልነበረ ማስመሰል አይደለም። አባትየው ራሱ ልጁ ሞቶ እንደነበረ፣ ጠፍቶ እንደነበረ በግልጽ ይናገራል። አደራም ወዲያው በአንድ ቀን ይመለሳል አልልም። ወንድምነት ግን የአደራ ፈተና እስኪያልፍ አይጠብቅም።

ሥዕሉን አብልጬ የምተቸውም እዚህ ላይ ነው። በሉቃስ አባትየው ከቤት የወጣው ሁለት ጊዜ ነው። ለታናሹ ሮጠ፤ ለታላቁ ደግሞ ድግሱን ትቶ ወጥቶ ለመነ። በሸራው ላይ ግን አባት ፊቱን ወደ ታናሹ ብቻ መልሷል፤ ታላቁን የሚለምነው የለም። ሥዕሉን ብቻ ያየ ሰው ታላቁ ወንድም ያንን ጨለማ ወለል በራሱ ጉልበት ሊሻገር ይገባዋል ብሎ ሊያስብ ይችላል። ወንጌሉ ከዚህ የሚሻል ዜና አለው። ልቡ የተቋጠረውንም ልጅ አባት ራሱ ደጅ ድረስ ወጥቶ ይፈልገዋል። የሚለምነውም የተበደለው አባት ነው።

ሬምብራንት በ1635 ገደማ በሣለው፣ ዛሬ በጀርመን ድሬስደን ባለ ሥዕል ላይ ራሱን በመጠጥ ቤት ብርጭቆ አንሥቶ የሚስቅ የጠፋ ልጅ አድርጎ አቅርቧል፤ ጭኑ ላይ የተቀመጠችው ሚስቱ ሳስኪያ ናት። በ1642 ሳስኪያ ሞተች፤ በ1656 ሠዓሊው ከሰረ፤ በ1668 ልጁ ቲቶ ሞተ፤ እርሱም በ1669 ተከተለ። ከዚህ ተነሥተው «በመጨረሻው ሥዕል ላይ ተንበርካኪው እርሱ ነው» የሚሉ አሉ። ይሁን። ለእኛ የሚበልጠው ጥያቄ ግን እኛ የት እንደቆምን ነው። ከሸራው ፊት የሚቆም ሰው የሚያየው የልጁን ጀርባና የውስጥ እግር ነው። ቆመው ከሚያዩት ጋር ይቆጠራል፤ እንደ ታላቁ ወንድም።

በሚቀጥለው የኅብረት ጊዜያችሁ ሉቃስ 15ን ከቁጥር 11 እስከ መጨረሻው ሳትቆርጡ አንብቡ፤ ሥዕሉንም በአንድ ስልክ ላይ ተቀባብላችሁ እዩ። ከዚያ እያንዳንዳችሁ የአንድ ሰው ስም በልባችሁ አስቡ፤ ተመልሶ እያለ እናንተ ገና ያልተጠጋችሁትን። የዚያን ሰው ስም ጠርታችሁ ጸልዩ። ከጸሎቱም በኋላ ሄዳችሁ አጠገቡ ተቀመጡ።