ንፍሮ የሚያዘገይ ውሃ ቴርሞስታት ላይ ሲፈርድ

ከደብረ ታቦር በጋይንት በኩል ወደ ጋሸና በሚወስደው መንገድ የተጓዘ ሰው፣ ኮፈኑን ከፍቶ እንፋሎት የሚተፋ ሚኒባስ ዳር ላይ ቆሞ ቢያይ አይገርመውም። ተሳፋሪው ጋቢውን ተከናንቦ ይንቀጠቀጣል፣ ሞተሩ ግን ፈልቷል። ወደ ስማዳና ወደ እስቴ በሚገቡት መንገዶችም ያው ነው። መኪናው ጋራዥ ሲገባ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መድኃኒት ደግሞ አንድ ነው፦ «ቴርሞስታቱን አውጥተህ ጣለው!»

ዛሬ የምተቸው ይህን ምክር ነው። ምክሩን የሚሰጡት መካኒኮች ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም፤ እንዲያውም ከመጣላቸው በፊት ይፈትኑታል። ችግሩ ያለው ፈተናው ላይ ነው።

ቴርሞስታት በሞተሩና በራዲያተሩ መካከል ያለ ትንሽ በር ነው። ውስጡ ሰም አለ፤ ሰሙ ሲሞቅ ያብጥና በሩን ገፍቶ ይከፍተዋል። ላዩ ላይ 82 ወይም 88 የሚል ቁጥር ተመትቶበት ታገኛላችሁ፤ መከፈት የሚጀምርበት ሙቀት ነው። ልብ በሉ፣ የሚጀምርበት ነው ያልኩት። ሙሉ በሙሉ ለመከፈት ከዚያ በላይ 10 ዲግሪ ያህል ይፈልጋል። የተለመደው ፈተና ቴርሞስታቱን በገመድ አንጠልጥሎ የፈላ ውሃ ውስጥ መንከር ነው። ከተከፈተ ደህና፣ ካልተከፈተ ተበላሽቷል ይባላል።

አሁን ነፋስ መውጫ እንሂድ። ከተማዋ ያለችው ከባሕር ወለል በላይ 3,100 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው 70 በመቶ አካባቢ ብቻ ስለሆነ ውሃ በ100 ሳይሆን በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የጋይንት እናቶች ይህን ያለ ፊዚክስ ያውቁታል፤ የባቄላ ንፍሮ እሳት ላይ የሚውለው ለዚህ ነው። እሳቱን እጥፍ ብታደርጉት ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ ከ90 አያልፍም።

ስለዚህ 88 የተጻፈበትን ጤነኛ ቴርሞስታት በዚያ ድስት ውስጥ ብትነክሩት ምን ይሆናል? በፀጉር ስፋት ያህል ከፈት ብሎ ይቆማል። መካኒኩ ያየዋል፣ «ይኸው፣ አልተከፈተም» ይላል፣ ይጥለዋል። ይህንኑ ፈተና ባሕር ዳር ላይ፣ 1,800 ሜትር ላይ ብትሠሩት ውሃው 94 ስለሚደርስ በሩ በግልጽ ሲከፈት ታያላችሁ። ሙያውን ቆላ ወይም ወይና ደጋ ላይ የተማረ ሰው ደጋ ወጥቶ በዚያው ድስት ቢፈርድ ጥፋቱ የሱ ብቻ አይመስለኝም፤ ያስተማረውም ሰው ከፍታን አልነገረውም።

«ታዲያ ሲወጣ መኪናው ለምን ይሻለዋል?» ትሉኝ ይሆናል። በሩ በእርግጥ ተዘግቶ ቀርቶ ከነበረ ማውጣቱ ወዲያው ያድናል፣ እውነት ነው። ሌላው ጊዜ ግን የሚሻለው ለጊዜው ነው። ያለ በር ሞተሩ ቀዝቅዞ ስለሚነሳ ለመፍላት ይዘገያል፤ ሳይፈላ አቀበቱ ያልቃል። አንዳንድ ሞተር ላይ ደግሞ ቴርሞስታቱ ሲከፈት የማለፊያውን ቀዳዳ የሚዘጋ ሁለተኛ ክዳን አለው። እሱን ስታወጡ ከፊሉ ፍል ውሃ ራዲያተሩን ሳይነካ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ይህ እንግዲህ ሙቀት ለመቀነስ ተብሎ ሙቀት መጨመር ነው።

«ቴርሞስታት ለፈረንጅ ብርድ ነው» የሚለውን ምክንያት ደግሞ ነፋስ መውጫ ላይ ቆሞ የሚናገር ሰው ድፍረቱ ይገርመኛል! የከተማዋ ስም ራሱ መልስ ነው። በብርድ የሚሠራ ሞተር ነዳጅ ይበላል፣ ዘይቱ ውስጥ ውሃና ነዳጅ ይጠራቀማል፣ ቶሎም ያልቃል።

እኔ በቅድሚያ የምጠረጥረው የራዲያተሩን ክዳን ነው። ክዳኑ ውሃ እንዳይፈስ ብቻ አይደለም የተሠራው፤ ስፕሪንጉ ግፊት ይይዛል። 0.9 ባር የሚይዝ ደህና ክዳን ነፋስ መውጫ ላይ የውሃውን መፍያ ከ90 ወደ 113 ዲግሪ ገደማ ያወጣዋል። ጎማው የተሰነጠቀ ክዳን ግን በ90 ይተወዋል። ደህና ሞተር ደግሞ ሥራውን የሚሠራው በዚሁ 90 አካባቢ ነው! ቆላ ላይ ክዳኑ ቢያረጅም እስከ 100 ትንሽ ፋታ አለ፤ ጋይንት ላይ ምንም ፋታ የለም። ከሞተሩ ዋጋ አጠገብ የማይቆጠር ዕቃ ነው፣ ግን ማን ያየዋል?

ራሳችሁ ማየት ትችላላችሁ። ሞተሩ ፍጹም ከቀዘቀዘ በኋላ ክዳኑን ከፍታችሁ ጎማውን ዳስሱ። ከጎን ያለችው የውሃ ማጠራቀሚያ ሞልታ ራዲያተሩ ከጎደለ፣ ክዳኑ ውሃውን መልሶ እየሳበ አይደለም። ቀጥሎ ቀዝቃዛውን ሞተር አስነስታችሁ ከቬንትሌተሩ ርቃችሁ የላይኛውን ማኒኮቶ በእጃችሁ ተከታተሉ። ሙቀት መለኪያው ወጥቶ ማኒኮቶው ቀዝቃዛ ከሆነ ቴርሞስታቱ እውነትም ተጣብቋል። ቀዝቅዞ ቆይቶ ድንገት ከሞቀ ግን በሩ ይሠራል፣ ተዉት። ያኔ ቺንጋውን፣ ፖምፓውን፣ ቬንትሌተሩን፣ በደለል የተደፈነውን ራዲያተር ተመልከቱ። ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ እየተንተከተከ ነጭ ጭስ ከታየ ነገሩ የቴስታታ ጋርኒሲዮን ሊሆን ይችላል፤ ያ የጋራዥ ሥራ ነው።

መንገድ ላይ ከፈላ ክዳኑን አትንኩ። የታፈነው ውሃ ግፊቱ ሲለቀቅ ባንዴ እንፋሎት ሆኖ ፊት ላይ ይመጣል። የወንዝ ውሃም ቶሎ አትጨምሩ፤ የጋለ ቴስታታ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲያርፍ ብረቱ ይሰነጠቃል። ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ መጠበቅ ነው፣ ብርዱም ያግዛል።

ድስቱን ለማትተዉ መካኒኮች ደግሞ አንድ ሐሳብ አለኝ፦ ተመሳሳይ ቁጥር ያለው አዲስ ቴርሞስታት ከአሮጌው ጎን በዚያው ድስት ውስጥ አንጠልጥሉ። አዲሱም እንደ አሮጌው በፀጉር ስፋት ብቻ ከተከፈተ፣ አሮጌውን አድርቃችሁ ወደ ቦታው መልሱት።