ለጨዋታው ማን ከፈለ?

በአማርኛችን ጨዋታ ሁለት ፊት አለው። “ልጁ ሥራ ፈቶ ይጫወታል” ስንል ነቀፌታ ነው። “ሰውየው ጨዋታ ያውቃል” ስንል ደግሞ ትልቅ ምስጋና። ወደ ኪስ ሲመጣ ግን ሁለቱም ፊቶች አንድ ይሆናሉ፤ ለጨዋታ ገንዘብ አይወጣም። ለማኪያቶ ይወጣል፣ ለእግር ኳስ ውርርድ ይወጣል፣ ለጨዋታ ሲሆን ግን “በነጻ የለም እንዴ?” ነው መልሱ።

የሞባይል ጌም የሚሠሩ ወጣቶቻችን የገቡት እዚህ ገበያ ውስጥ ነው። ስለ እነሱ የሚጻፈውና የሚነገረው አብዛኛው ምርቃት ነው። “ባህላችንን ለዓለም ያስተዋወቁ” ይባላል፣ ይጨበጨባል፣ ፎቶ ይነሳል። ሥራቸውን እንደ ሥራ አይቶ “ይሄ ሰምሯል፣ ይሄ ይቀረዋል፣ የቀረው በዚህ ምክንያት ነው” የሚል ሰው ግን ጥቂት ነው። ሰው ያለ ነቀፌታ የሚመሰገነው በቀብሩ ቀን ነው። እነዚህ ልጆች ገና በሕይወት አሉና እስቲ በወጉ እንሂሳቸው።

“ቅኔ ጌምስ” የተባለው የአዲስ አበባ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣውን “ኩኩሉ”ን እንውሰድ። ዶሮ ከሚያሳድዳት ገበሬ ትሸሻለች። የበዓል ዋዜማን የሚያውቅ አበሻ ዶሮ ለምን እንደምትሮጥ አይጠይቅም፤ ሐሳቡ ያስቃል፣ የእኛም ነው። የጨዋታው አጥንት ግን የእኛ አይደለም። ማብቂያ የሌለው ሩጫ፣ መዝለል፣ ማጎንበስ፣ መውደቅ፣ እንደገና መጀመር። ይህን “ቴምፕል ረን” በ2011፣ “ሰብዌይ ሰርፈርስ” በ2012 እ.ኤ.አ. ዓለምን አስለምደውታል። ሥጋው የእኛ፣ አጥንቱ የሰው።

“አጥንት የለንም ወይ?” ብትሉ፣ ሞልቶናል። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ገበጣና በአፍሪካ ቀንድ ስላሉ ዘመዶቹ ባሳተሙት ጥናት ከመቶ በላይ የአጨዋወት ዓይነት ዘርዝረዋል። ከመቶ በላይ! የጉድጓዱ ብዛት፣ የጠጠሩ አጣጣል፣ የአማረኩ ሕግ ከአገር አገር ይለያያል። ቅኔ ጌምስም ገበጣን ወደ ስልክ አምጥቶታል፤ ለእኔ ከኩኩሉ ይልቅ ሩቅ የሚወስደው መንገድ ይሄኛው ነው። ባህል ማለት ጀበናና ጎጆ ቤት ከኋላ መሳል ብቻ አይደለም። ባህል ሕግ ነው፤ ማን መቼ ይጥላል፣ ማን ምን ይበላል የሚለው ነው።

ታዲያ ሠሪው ሁሉ ለምን ወደ ሩጫው ያዘነብላል? ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። መልሱ ያለው ከፋዩ ዘንድ ነው።

ተጫዋቹ ካልከፈለ የሚከፍለው ማስታወቂያ አስነጋሪው ነው። ማስታወቂያ ደግሞ አጭር ዙር ይወዳል። ዶሮዋ ስትያዝ አንድ ማስታወቂያ፣ ተነስታ ስትያዝ ሌላ ማስታወቂያ። ገበጣ ግን ረጋ ያለ ነው፤ ተቀናቃኝ አቀርቅሮ ጠጠር ሲቆጥር የሳሙና ማስታወቂያ ብታስገባበት ስልኩን ይወረውረዋል። እንግዲህ የጨዋታውን ቅርጽ የሚወስነው የሠሪው ፍላጎት ብቻ አይደለም፤ የከፋዩም ጠባይ ነው።

እሱም ቢሆን በወጉ አይከፍልም። ያገራችን ተጫዋች ዳታ ውድ ስለሆነበት ኢንተርኔቱን አጥፍቶ ነው የሚጫወተው፤ ማስታወቂያው በዚያው ይቀራል። ጌሙን ራሱ ከመደብሩ ከማውረድ ይልቅ ከጓደኛው ስልክ በሼርኢት ወይም በዜንደር ይቀበላል። ሺህ ሰው ሲጫወት ሠሪው የሚያየው ቁጥር መቶ ሊሆን ይችላል። በሰኔ ወር 2012 ዓ.ም. መጨረሻ እንደሆነው ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ድርግም ሲል ደግሞ መቶውም ይጠፋል።

“ተጫዋቹ ራሱ ይክፈላ!” ለሚል፣ በምን ይክፈል? ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. መጣ፤ ኤም-ፔሳም በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ተከተለ። ዛሬ የመብራት ሒሳብ በስልክ ይከፈላል። ወደ ዓለም አቀፉ የጌም መደብር ስንደርስ ግን የሚጠየቀው ዶላር የሚቆረጥበት ካርድ ነው፤ እሱ ደግሞ በአብዛኛው ተጫዋች ኪስ የለም። ጉግል ከሐምሌ 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከዓመታዊው የመጀመሪያ 1 ሚሊዮን ዶላር ላይ የሚወስደውን ድርሻ ከ30 ወደ 15 በመቶ ዝቅ አድርጓል። መልካም ነው። የዜሮ 15 በመቶ ስንት ነው?

ገቢው በብር እንኳ አልገባ ሲል ወጪው በዶላር ይወጣል። በአፕል መደብር ለመቀመጥ በዓመት 99 ዶላር ይጠየቃል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት ይህ በባንክ ምንዛሪ 5,600 ብር ገደማ ነበር፤ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ በኋላ ባሉት ጥቂት ሳምንታት ከ10,000 ብር አለፈ።

ስለዚህ ሠሪው ሦስተኛ ከፋይ ይፈልጋል፤ ፕሮጀክት ያለውን። “እጅ ስለ መታጠብ ጌም ሥራልን” ይባላል፣ ይሠራል። ክፍያው ይገባል፣ የቢሮ ኪራይ ይሸፈናል። እጅ መታጠብ ቁም ነገር ነው፤ ክፋት የለውም። ችግሩ የዚህ ጌም ዳኛ ተጫዋቹ አለመሆኑ ነው። ዳኛው ሪፖርት የሚቀበለው ሰው ነው። ተጫዋቹ በሁለተኛው ደቂቃ ቢሰለችስ? ሪፖርቱ አይሰለችም።

ይህ የእኛ ብቻ ጣጣ እንዳይመስለን። በ2012 እ.ኤ.አ. ሌጎስ ላይ የተመሠረተው ማሊዮ ጌምስ ከአፍሪካ ስመ ጥሮቹ አንዱ ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. በሰፊው ያስጠራው ሥራ “ኢዋጁ” ከተባለው የዲዝኒ ተከታታይ ፊልም ጋር የወጣው ጌም ነበር። ታሪኩ የሌጎስ፣ ሠሪው የሌጎስ፣ ባለቤቱ ግን ዲዝኒ። ሕዝቧ ከእኛ በሚበልጠው ናይጄሪያ እንዲህ ከሆነ የሕዝብ ብዛት ብቻውን ገበያ አይሆንም ማለት ነው። ገበያ የሚሆነው ሕዝብ ሲከፍል፣ ለመክፈልም መንገድ ሲኖረው ነው። ከአሥር የአፍሪካ አገሮች የተውጣጡ አሥር ስቱዲዮዎች፣ ቅኔ ጌምስን ጨምሮ፣ በ2022 እ.ኤ.አ. አንድ ኅብረት መመሥረታቸውም ብቻቸውን ይህን እንደማይገፉት ገብቷቸው ይመስለኛል።

ለሠሪዎቹ ያለኝ ሂስ አጭር ነው፤ ጌጡን ቀንሱ፣ ሕጉን ቆፍሩ። ለቀረነው ለእኛ ያለኝ ግን ይረዝማል። ባንኩና ቴሌኮሙ የአምስት ብር ክፍያን እንደ ክፍያ ይቁጠሩት፤ ከስልክ ቦርሳ ወደ ጌም ሠሪው የሚያደርስ ቀላል በር ይክፈቱ። እኛም ለውርርድ የማይሰስተውን እጃችንን ለጨዋታ እንዘርጋ።

አምስት ብር የከፈለ ሰው መብት አለው። “ይሄ ጌም አሰልቺ ነው፣ ገንዘቤን በላችሁት” ብሎ መጮህ ይችላል። ሠሪውን የሚያሻሽለው ያ ጩኸት ነው። በነጻ የወሰደ ሰው የሚችለው ማጨብጨብ ብቻ ነው፤ በጭብጨባ ደግሞ የቤት ኪራይ ተከፍሎ አያውቅም።