የሚቆምበት ቀን

ሲሬ ከባኮ ወደ ነቀምት በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለች ከተማ ናት። እዚህ መድኃኒት ቤት ውስጥ ስሠራ፣ ለቆዳ ችግር ከሚመጡት ውስጥ የሐኪም ማዘዣ ከያዘው ይልቅ ባዶ ቱቦ የያዘው ይበዛል። ቱቦው ከታች ወደ ላይ ተጠቅልሎ የመጨረሻዋ ጠብታ ሳትቀር ተጨምቃ ወጥታለች። «ዶክተር፣ ይሄንኑ ስጠኝ» ይሉኛል። ብዙውን ጊዜ ቤታሜታዞን ነው፤ አንዳንዴም ከእሱ የሚበረታው ክሎቤታሶል።

አንድ የክረምት ጠዋት አንዲት እናት ሦስት ዓመት ገደማ የሚሆነውን ልጇን አዝላ መጣች። ክሎቤታሶሉን ሌላ ቦታ ነው የገዛችው፤ ጉንጩንና አንገቱን ሁለት ወር ቀብታዋለች። «መጀመሪያ በሦስት ቀን አጠፋለት» አለችኝ። «ስተወው ይመለሳል፣ ስቀባው ይጠፋል።» ይህን ስሰማ ሁልጊዜ እጄን ከመደርደሪያው እመልሳለሁ። ልጁን ወደ በሩ ብርሃን አቅርባ እንድታሳየኝ ለመንኳት። ሽፍታው ዳር የለውም፤ እዚህም እዚያም ተበታትኗል። ጉንጩ ላይ እንደ ክር የቀጠኑ ቀይ የደም ሥሮች ይታያሉ። ጭርት መሰለኝ፤ ግን መልኩን የለወጠ ጭርት።

ጭርት የሚመጣው ከፈንገስ ነው። ቆዳው ሲቆጣና ሲከላከል ነው ያ የምናውቀው ቀለበት የሚወጣው። እንደ ክሎቤታሶል ያለ የስቴሮይድ ቅባት ፈንገሱን አይነካውም፤ የቆዳውን ቁጣ ብቻ ያበርዳል። ማሳከኩ ይቆማል፣ መቅላቱ ይከስማል፣ እናት ትደሰታለች፤ ፈንገሱ ግን ከልካይ አጥቶ ውስጥ ውስጡን ይሰፋል። እ.ኤ.አ. በ1968 ሁለት የእንግሊዝ ሐኪሞች ይህን ማንነቱን የደበቀ ጭርት ብለው ጽፈውበታል። እዚህ ጪቶ የምንለው እከክም እንዲሁ ይደበቃል፤ ቅባቱ ማሳከኩን ሲያስታግሰው ቤተሰቡ ሁሉ ይጋባበታል። ስለዚህ መድኃኒቱ ቶሎ ማሻሉ ብቻውን አያጽናናኝም።

ይህን ስል ሰውን ከመድኃኒቱ ማስፈራራት አልፈልግም። ቆዳ ያሳሳል ሲባል ሰምተው፣ ችፌ ያለበት ልጃቸው ሌሊቱን ሙሉ ሲያክ እያደረ፣ የታዘዘለትን ቅባት ሳይከፍቱ ያስቀመጡ ወላጆች አጋጥመውኛል። ያ ልጅ የጉልበቱ እጥፋት ቆስሎ ነበር። ሃይድሮኮርቲዞን የተባለው ስቴሮይድ ለቆዳ እንደሚበጅ ከታወቀበት ከ1952 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለችፌ ይህን ያህል የረዳ ቅባት ጥቂት ነው። የሚጎዳው ጥንካሬው፣ ቦታውና ጊዜው ሳይለይ ሲቀባ ነው።

ቦታው ብዙ ሰው ከሚገምተው በላይ ለውጥ ያመጣል። በ1967 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ሃይድሮኮርቲዞን በየአካል ክፍሉ ምን ያህል እንደሚሰርግ ለክቶ ነበር። በክንድ የሚገባው አንድ እጅ ቢሆን፣ በግንባር ስድስት እጅ፣ በቆለጥ ከረጢት አርባ ሁለት እጅ ይሆናል። ለእግር የታዘዘን ጠንካራ ቅባት ፊት ላይ መቀባት ሌላ መድኃኒት እንደመውሰድ ነው። የሕፃን ዳይፐር ሥር ወይም በላስቲክ ተሸፍኖ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ዓይን አካባቢ ሲደጋገም የዓይን ግፊት ሊጨምር ይችላል።

መጠኑን የማስተምረው በጣቴ ነው። ከቱቦው አፍ እየጨመቅሁ ከጠቋሚ ጣቴ ጫፍ እስከ መጀመሪያው አንጓ አሰምራለሁ፤ ግማሽ ግራም ገደማ ይሆናል። ያ መስመር ጣቶች የገጠሙ ሁለት የአዋቂ መዳፍ ለሚያህል ቆዳ ይበቃል። እናት ከሆነች መዳፏን ልጇ እግር ላይ ታስቀምጣለች፣ ሽፍታው ስንት መዳፍ እንደሆነ አብረን እንቆጥራለን። የ15 ግራም ቱቦ ሠላሳ መስመር ይወጣዋል። በስሱ፣ በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ እንደታዘዘው፤ በመሃል ቆዳውን የሚያለሰልሰው ቫዝሊን አይቋረጥም። ብዙዎች ይህን ካዩ በኋላ «በጣም ስቀባ ነበር» ይላሉ፤ ጥቂቶች ደግሞ «በጣም ትንሽ ነበር የምቀባው» ይላሉ።

አንድ ነገር ላይ ግን አልደራደርም። ነጣ ያለ፣ የማያሳክክ፣ ሲነካ የማይሰማ ምልክት ያለው ሰው ከእኔ ቅባት አያገኝም። ጥጥ ሾል አድርጌ ዓይኑን አስጨፍኜ እነካዋለሁ፤ ካልተሰማው ቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ነው። ሥጋ ደዌ ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒቱ በነፃ ነው፣ ይድናል፣ መዘግየት ግን ነርቭ ያሳጣል። አዲስ አበባ የሚገኘው አለርት እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው ለዚሁ ሕመም ነው።

ያን ጭርት የጠረጠርኩበትን ልጅም ከእናቱ ጋር ጤና ጣቢያ ላክሁት። ቅባቱ እንዲቆም ተነገራት። ተመልሳ ስትመጣ «ሲቆም መጀመሪያ ይብስበታል፣ አትደንግጪ እህቴ» አልኳት። እውነትም ባሰበት። ከሳምንት በኋላ ግን ቀለበቱ ጥርት ብሎ ወጣ፤ በጤና ጣቢያው ታይቶ የፈንገስ ቅባት የሆነው ክሎትሪማዞል ታዘዘለት፣ ለአራት ሳምንት።

ስቴሮይድ ስሰጥ ካርቶኑ ላይ የሚቆምበትን ቀን በቁቤና በአማርኛ እጽፋለሁ። እሷም ይህን አይታ የክሎትሪማዞሉን ካርቶን ገፋ አደረገችልኝና «የዚህንም ጻፍልኝ» አለች። ጻፍኩላት፤ በሳምንት ቢጠፋም እስከዚህ ቀን አይቋረጥም ብዬ።