መንደሩስ ወዴት ገባ?

«ልጅን ለማሳደግ መንደር ያስፈልጋል» የሚል አባባል አለ። አሜሪካዊው ጆናታን ስታር እ.ኤ.አ. በ2017 ያሳተመው መጽሐፍ ርእሱን የወሰደው ከዚሁ አባባል ነው፤ ዳሩ ግን «መንደር» የሚለውን አንሥቶ «ትምህርት ቤት» የሚለውን ተክቶበታል። ይህ የአንድ ቃል ለውጥ የመጽሐፉን ብርታትም ጉድለትም የያዘ ስለ መሰለን፣ ከአንባቢዎቻችን ከመምህራንና ከተማሪዎች ጋር ልንመረምረው ወደድን።

ታሪኩ የሚፈጸመው በጎረቤታችን፣ ከቶጎ ውጫሌ ወዲያ፣ በሐርጌሳ አጠገብ ነው። ስታር በአገሩ ይመራው የነበረውን የኢንቬስትመንት ሥራ ትቶ እ.ኤ.አ. በ2009 በአባርሶ አዳሪ ትምህርት ቤት ከፈተ። በአራት ዓመት ጊዜ ውስጥ፣ በልጅነቱ እንስሳት ይጠብቅ የነበረ አንድ ተማሪ በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ለመግባት በቃ። ሌሎችም ተከተሉት፤ ሃርቫርድ የገባም አለ። የድሀ ልጅ በቂ መምህርና በቂ ጊዜ ካገኘ ከማንም እንደማያንስ ይህ ሥራ በተግባር አስመስክሯል። ደራሲው ከአካባቢው ሰዎች ጋር የተጋጨበትን ጊዜ ሳይሸሽግ መተረኩም ያስመሰግነዋል።

ይሁንና የመጽሐፉ ንኡስ ርእስ አገሩን «ከወደቁ መንግሥታት አንደኛ» ይለዋል። በዚህ አንስማማም። ይህ ስያሜ ለመላዋ ሶማሊያ የተሰጠ ሲሆን፣ ሶማሌላንድ ግን ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በራሷ አስተዳደር የቆመች ናት። ሐርጌሳ በ1988 እ.ኤ.አ. በቦምብ ከፈረሰች በኋላ መልሰው የሠሯት ነዋሪዎቿ ናቸው። አባርሶ ከመከፈቱ በፊት በቦረማ የአሙድ ዩኒቨርሲቲ በ1998፣ የሐርጌሳ ዩኒቨርሲቲ በ2000፣ ወይዘሮ ኤድና አዳን ያሠሩት ሆስፒታል በ2002 ሥራ ጀምረው ነበር። በዚህ ሆስፒታል አዋላጆችና ነርሶች የሚሠለጥኑት ከሕመምተኛው አልጋ ሳይርቁ ነው። መንደሩ አልጠፋም ማለት ነው፤ በርእሱ ላይ ብቻ ነው የጠፋው።

የመንደሩን ዕውቀት ለማየት የሐርጌሳን ትልቅ ገበያ ዋሄንን መመልከት ይበቃል። አባርሶ በተከፈተበት በ2009 እ.ኤ.አ. «ዛድ» የተባለው በስልክ ገንዘብ የማስተላለፍ አገልግሎት በዚያው አገር ተጀመረ፤ እስክሪብቶ ይዛ የማታውቅ ነጋዴ ሳትቀር በስልክ መገበያየት ለመደች። ምንዛሪ፣ ትርፍና ኪሳራ፣ ብድርና አደራ በየዕለቱ የሚሠራበት ይህ ገበያ መጋቢት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ሌሊት በእሳት ወደመ። በሺህ የሚቆጠር ቤተሰብ መተዳደሪያውን አጣ። እንዲህ ባለ ጊዜ ከተማ የሚያስፈልገው ማነው? ግንበኛው፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው፣ ሒሳብ ያዡ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኛው፣ መሐንዲሱ ነው። ከእነዚህ አንዳንዱ ከዩኒቨርሲቲ ይወጣል፤ ብዙው ግን ከመንደሩ ጋር ተባብሮ ካላስተማረ ትምህርት ቤት አይወጣም።

ጥያቄው የሐርጌሳ ብቻ አይደለም። በአገራችን የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 ከመቶ። ከመቶ ከ96 በላይ የሚሆኑትን ለምን አዘጋጀናቸው? ለፈተናው ብቻ ከሆነ፣ ፈተናው ሲያመልጣቸው በእጃቸው የቀረ ነገር የለም። እንደ አባርሶ ያለ ትምህርት ቤት ምርጦቹን ወደ ላይ ያወጣል፤ ይህ መልካም ነው። ያልተመረጡትን ግን ማን ይቀበላቸው? በእኛ አስተያየት የመጽሐፉ ትልቁ ጉድለት ይህን ጥያቄ በሚገባ አለመመለሱ ነው።

ከመምህራን ወገን «ማኅበረሰቡ ምን ያግዘናል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ማኅበረሰቡን የምናስታውሰው አጥር ሲፈርስና መዋጮ ስንፈልግ ብቻ ከሆነ፣ አዎን፣ የሚያግዘው ጥቂት ነው። በጤና ጣቢያው፣ በጋራዡ፣ በልብስ ሰፊው ቤትና በኅብረት ሥራ ማኅበሩ ያለውን ዕውቀት ግን የጠየቅነው ስንቶቻችን ነን? በትምህርት ቤቱ ዙሪያ ያሉትን ሙያዎች መመዝገብ የአንድ ሳምንት ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን፦ ተማሪውን የሚቀበለው ማን ነው? በሳምንት ስንት ሰዓት? ምን ተምሮ ይወጣል? የሚከታተለውስ የትኛው መምህር ነው? ይህ ካልተጻፈ ልጁ ሙያ ሊማር ሄዶ ሻይ ሲያመላልስ ይከርማል። እንዲህ ያለውን ጉልበት ብዝበዛ ትብብር ብለን ልንጠራው አይገባም።

ተማሪዎችም አንድ ነገር እንድትገነዘቡልን እንሻለን። ወርክሾፕ ገብቶ መሥራት ዩኒቨርሲቲ ላልቻለ የተተወ ቅጣት አይደለም። ሞተር የፈታ ተማሪ የፊዚክስ መጽሐፉን ሲከፍት የሚያነበው ነገር ያየው ነገር ነው።

መጽሐፉን አንብቡት፤ ትጋቱን ውሰዱለት። ርእሱን ግን እኛ እንዲህ ብናርመው ደስ ይለን ነበር፦ ትምህርት ቤትም ያስፈልጋል፣ መንደርም ያስፈልጋል።